የእሁድ ርክክብ

የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ድሮ የአንድ ነጋዴ ቪላ ነበር። ሰውዬው ሲወረስ ከግቢው ያልተነካ ነገር ቢኖር አንድ ዘንባባ ነው፤ በኋላ እሱም ላይ ሞንታርቦ ሰቀሉበት። በየእሁዱ ጧት ከዘንባባው ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ፣ ከራሴ በላይ ማርሽ እየጮኸ፣ ልጄን እጠብቃለሁ። ልጄ አትመጣም። የምትመጣው እናቷ ናት።

የዚያን እሁድም የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ገባች። ወደ እኔ ቀና አላለችም። በቀጥታ ወደ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ሄዳ ቆመች።

«ቀርቤያለሁ» አለች።

«ልጅቱስ?» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ጓድ አለበል።

«ቤት ናት።»

«ትእዛዙ ይዘሻት እንድትቀርቢ ነው እኮ የሚለው።»

«እኔ ተጠራሁ፣ መጣሁ። እሷን ከደጅ ማውጣት አልችልም፤ ግዝት አለ። የሚችል ወንድ ካለ ይሂድና ያውጣት።»

ጓድ አለበል ወደ ጥበቃው ወደ ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ዞረ። ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ምንሽሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ወደ ሐይቁ ዞረ። ሐይቁ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«እንግዲህ ለሚመጣው እሁድ» አለ ጓድ አለበል።

እንዲህ እንላለን፤ ለሚመጣው እሁድ። ወረቀቱ በደረት ኪሴ ነው። የአውራጃው ፍርድ ቤት በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ማኅተሙን አሳርፎ የሰጠኝ ነው፤ አባት አንዳርጋቸው ልጁን አደይን በየእሁዱ ጧት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይረከብ፣ አመሻሽ ላይ እዚያው ይመልስ ይላል። የሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ፣ የሽመና መኪናዎቹ ጆሮዬን ሲያደነቁሩት፣ ያን እሁድ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ውዬዋለሁ! መጀመሪያ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጎን ሻይ በዳቦ እጋብዛታለሁ። ቀጥሎ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ድልድይ ላይ አቆማታለሁ፤ «ይኸ ውኃ የት ይሄዳል?» ትለኛለች፤ «እናቴ አገር፣ ጢስ ዓባይ ደርሶ ይወድቃል» እላታለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ክሩ ይበጠስና ተቆጣጣሪው ይጮህብኛል።

የብርጓል ስትወጣ ከአግዳሚዬ አጠገብ ለአንዲት አፍታ ቆም አለች።

«የአባቴ ደጅ መች ተዘጋ?» አለችና ሄደች።

እንደ ሽሙጥ ቆጠርሁት። ከፊቴ ላይ የተዘጋውን ደጅ እያወቀች!

ግዝቱን ያመጣው ትእዛዙ ነው። ትእዛዙ በወጣ ሰሞን ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ መሣሪያውን አንግቶ ልጅቱን ሊያመጣ ወደ መምሬ መርስዔ ኀዘን ግቢ ሄደ። መምሬ የየብርጓል አባት ናቸው፤ በሐይቁ ዳር ያለው ደብር አገልጋይ፣ የሰፈሩም እኩሌታ ንስሐ አባት። ጥበቃውን ሲያዩ አልተቆጡም አሉ። ገብተው የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና በበሩ ደፍ ላይ ቆመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዘቱ። ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስም ምንሽሩን እንዳነገተ ተንበርክኮ መስቀሉን ተሳለመና ባዶ እጁን ተመለሰ።

መሳለሙን የነገረኝ ራሱ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ። «የተዘረጋልኝን መስቀል ጥዬ ልምጣ?»

«የመንግሥት ሰው አይደለህም እንዴ ጋሼ?»

«ነኝ። ግን መንግሥት ስሞት አይፈታኝም።»

ወደ ጓድ አለበል ሄድሁ። ጓድ አለበል የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ነው፤ አንደበቱ አይያዝም።

«ጓድ አንዳርጋቸው» አለኝ፣ «ግዝት ማለት የፊውዳሉ ሥርዓት የጭቆና መሣሪያ ነው። ሳይንስ አያውቀውም።»

«እንግዲያው እርስዎ ሄደው ያምጡልኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«እኔ ስብሰባ አለብኝ።»

«ከስብሰባው በኋላ።»

ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ሰው፣ እናቴ አልጋ ላይ ናት። ንስሐ አባቷ እሳቸው ናቸው። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይፍታልኝ? ለምን አታስተውልም?»

ፍርድ ቤት ተመለስሁ። ዳኛው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ትእዛዙ ግልጽ ነው» አለኝ።

«ግልጽ ነው፣ ጓድ ዳኛ። አልተፈጸመም እንጂ።»

«ይፈጸም ብለን ለፖሊስ እንጽፋለን።»

ለፖሊስ ጻፉ። ፖሊስ ለቀበሌ መራው። ቀበሌ ለጥበቃው መራው። ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ወረቀቱን በእጁ ይዞ መጥቶ፣ «አንብብልኝ እስቲ፣ ማንበብ ብማርም መነጽር የለኝም» አለኝ። አነበብሁለት። የራሴን አቤቱታ ለራሴ! የሚቃወመኝ ሰው ባገኝ እጣላው ነበር። የለም። ሁሉም «እውነትህን ነው» ይለኛል። ዳኛው እውነትህን ነው፣ ፖሊሱ እውነትህን ነው፣ የብርጓል ራሷ እንኳ «መብቱማ ያንተ ነው» ትላለች። እውነቱን ተሸክሜ አግዳሚ ወንበር ላይ አሮጌ ማርሽ እሰማለሁ።

አንተ ራስህ ሄደህ አምጣት የሚለኝ አልጠፋም። እኔ ግን ያን ደጅ አልረግጥም። ምክንያት አለኝ።

ከየብርጓል ጋር የተጋባነው በሰማንያ ነው። መምሬ ቁርባን ይሁን ብለው ነበር፤ እኔ ጊዜ ስጡኝ አልሁ። ለሁሉም ነገር ጊዜ ስጡኝ የምል ሰው ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ቤቴ እንደ መሄድ ሐይቁ ዳር እቀመጣለሁ። ሻላ ወፎቹ በሰልፍ ሆነው ሲዋኙ፣ ታንኳዎቹ ማገዶ ጭነው ከጉም ውስጥ ሲወጡ እያየሁ ረፋዱ ያመልጠኛል። የብርጓል ቁርስ አቅርባ ትጠብቃለች።

«ከማን ጋር ነበርህ?»

«ብቻዬን።»

እውነቴን ነበር። ሚስት ግን እንዲህ ያለውን እውነት አታምንም፤ ብታምነውም አይጥማትም። አንድ ቀን አደይን አዝላ አኩርፋ አባቷ ቤት ገባች፤ ሳምንት ሳይሞላ ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው ሲደክማቸው ሰማንያው ይቀደድ ተባለ። የተቀደደ ዕለት ሁላችንም በመምሬ ደጅ ቆመን ነበር፤ ያኔ ነው መምሬ በሽማግሌዎቹ ፊት፣

«አንተ ሰው፣ ሐይቁን አግብተህ ኖሮ ልጄን ምን ልታደርጋት ወሰድሃት?» ያሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔው የላክኋቸው ሽማግሌዎች! ደሜ ፈላ።

«ከእንግዲህ ይህን ደጅ ብረግጥ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!» ብዬ ማልሁ።

አባቴ በሕይወት የለም። በሌለ ሰው አጥንት የተማለ መሐላ ደግሞ የሚመለሰው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። የሰፈሩ ሰው ግዝት ፈራ እያልሁ ስስቅ፣ እኔ ራሴ ያችን ጎዳና በሌላው ዳር እየዞርሁ ነበር የምሄድ።

ከዚህ ሁሉ ምልልስ በኋላ ዳኛውንም ሳላሰለቸው አልቀረሁም። የመጨረሻ ያለውን ትእዛዝ ሰጠ፤ በመጪው እሁድ የፖሊስ ባልደረባ ራሱ ተገኝቶ ልጅቱን ከግቢው አውጥቶ በቀበሌው ያስረክባል፤ በዕለቱ ተጠርቶ ያልቀረበ ወገን መብቱን እንደተወ ይቆጠራል።

«የተመደበው ፖሊስ ለአገሩ እንግዳ ነው» አለ ጓድ አለበል፣ እጁን እያፋተገ። «ማንንም ንስሐ አባት አላደረገም። አለቀልህ!»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፣ እስከ ሐሙስ።

ሐሙስ ከፈረቃ ወጥቼ በሐይቁ ዳር ስመጣ እግሬ ከልማዱ አልፎ ወደ መምሬ ግቢ ጓሮ ወሰደኝ። ደጁን ነው እንጂ ጓሮውን አልማልሁበት። የቅንጭቡ አጥር ከሐይቁ ዳር ደንገል ጋር በሚገናኝበት በኩል አንዲት ልጅ ከውስጥ ቁጢጥ ብላ የደንገል ግንድ ትልጣለች። ቁመቷ እኔ ከማውቃት አደይ በእጥፍ ረዝሟል። ግንባሯ ግን የእናቴ ግንባር ነው።

«አንተ አባቴ ነህ አይደል?» አለችኝ፣ ሥራዋን ሳታቆም።

«ማን ነገረሽ?»

«እማዬ። አንድ ቀን በመንገድ ስታልፍ አሳየችኝ። ወዲያ ማዶውን ነው የምትሄደው።»

እጄን በአጥሩ ቀዳዳ ባሾልክ እደርስባታለሁ። ቅንጭቡ ነጭ ወተቱን በእጅጌዬ ላይ አንጠባጠበ።

«እሁድ ፖሊስ ይወስደኛል?»

«ማን አለሽ?»

«እማዬና አክስቴ ሲያወሩ ሰማሁ። ፖሊሱ ተሸክሞኝ ቢወጣ የሚረገመው ማነው? እሱ ነው ወይስ እኔ?»

«ማንም አይረገምም፣ አደይ።»

«አባባ መምሬ ግን ብሏል።» ትንሽ አሰበች። «እኔ በእግሬ አልሄድም። ከተሸከመኝ እኔ አልወጣሁም አይደል? እሱ ነው።»

የስንት ወር ንዴቴ በሙሉ ተነሣብኝ። በሽማግሌው፣ በዳኛው፣ በዚያ ሳይንስ በሚያውቀው ሊቀ መንበር፣ በራሴም። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ እርግማኑ በማን ላይ እንደሚያርፍ ስታሰላ ከምሰማ ደንቆሮ ብሆን በወደድሁ።

«አንተስ ለምን በበር አትገባም?» አለችኝ።

«በሩ... »

«በሩ ክፍት ነው። የሰው ዶሮ እንኳ ይገባል። እማዬ ናት የምታባርረው።»

ከውስጥ አክስቷ ጠራቻትና ደንገሏን እየጎተተች ሮጠች።

እኔ የምኖርባት ክፍል የእትዬ አገርነሽ ነበረች። ትርፍ ቤት ተብላ ስትወረስ ለእኔ በኪራይ ደረሰችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ለቀበሌ እንከፍላለን፣ እትዬ ግን የቤት ባለቤትነቷን በምላሷ ይዛዋለች። ያን ዕለት ገበታ ላይ ቆሎ እያበጠረች አገኘኋትና የሆነውን ነገርኋት።

«ምን አሉ ብለህ ነው የምትብሰለሰለው?» አለችኝ። «ሲገዝቱ እኮ እዚያው ቆሜ ነበር። ‹ይህችን ልጅ ከዚህ ደጅ ያስወጣ› ነው ያሉት። ስለሚገባ ሰው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ጠጅ አይቀርብልህ ይሆናል እንጂ ማንም አትግባ አላለህም።»

«መግባቱንማ የማልሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለህ?»

ነገርኋት። የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች።

«እሳቸው እንዳትወጣ ገዘቱ። አንተ እንዳትገባ ማልህ። ታዲያ በእግዜር፣ ፍርድ ቤቱ በምን ዕዳው ይንከራተታል?»

«እትዬ፣ ቀልድ አይደለም። በአባቴ አጥንት ነው።»

«ማን ቀለደ? መሐላ ከሆነ ንስሐ አባትህ ይፍቱህ። ንስሐ አባትህ ማን ናቸው?»

ከገበታው ቆሎ ዘገንሁ።

«አንዳርጌ፣ ማን ናቸው?»

«መምሬ መርስዔ ኀዘን» አልሁ። «ሳገባ የያዝኋቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አልቀየርሁም።»

ቆሎው ትን አላት። ጀርባዋን እስክመታላት ድረስ በሳል መካከል ትስቅ ነበር።

«ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፈህበት ወጣህ በለኛ!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «በል ሂድ፣ ደጃቸው ላይ ቁም። ሳትረግጥ ቁም። እሳቸው ከውስጥ፣ አንተ ከውጭ። መስቀል ደፍ አያግደውም።»

ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ደግሞ ሰውዬውን ክፉ አታድርጋቸው» አለች። «የአምሐን ነገር ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። አምሐ የየብርጓል ታላቅ ወንድም ነው፤ በሰባ ዓመተ ምሕረት ወደ ቀበሌው ወስደውት አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ መምሬ ያን የዘንባባ ግቢ ረግጠው አያውቁም፤ የቀበሌ ስኳር ድርሻቸውን እንኳ የሚያወጣላቸው ሌላ ሰው ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ከእኔ ልጅ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አስቤው አላውቅም ነበር።

እሁድ በማለዳ ሸሚዜን ቀይሬ ወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ቀድሜ ከመሐላዬ እፈታለሁ፣ ገብቼ አደይን አይዞሽ እላታለሁ፣ ፖሊሱ ሲመጣ እኔው አቅፌ አወጣታለሁ፤ እርግማኑ ካለም በእኔ ይሁን። ከዚያ ስሜ ሳይጠራ ቀበሌ እደርሳለሁ። ከመምሬ ደጅ እስከ ቀበሌው አንድ ጎዳና ነው፤ ሞንታርቦው ሲንኳኳ እንኳ ይሰማል።

ያልቆጠርሁት ቅዳሴውን ነው። መምሬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አደይ ከበሩ ወዲያ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ደንገሏን ዘርግታ ተቀምጣለች። አየችኝ። ተነሥታ እስከ ደፉ መጣችና ቆመች። እኔም ከደፉ ወዲህ ቆምሁ። በመካከላችን ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የተጠረበ እንጨት አለ፤ እሷ መውጣት አትችልም፣ እኔ መግባት አልችልም። አንዲት ዶሮ በሁለታችን እግር መካከል እየተራመደች ገባች።

«አየህ?» አለችኝ አደይ።

የብርጓል ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ስታየኝ እጇ ነጠላዋ ላይ ቀረ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ? እኔ ቀበሌ መሄዴ ነው። ፖሊሱ ገብቷል አሉ።»

«አባትሽን እጠብቃለሁ።»

«ከቅዳሴ አልወጡም እኮ። ከዘገየህ መብቱን ይነጥቁሃል፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ካልቀረብሁ ደግሞ እኔን ይቀጡኛል።»

«ሂጂ እንጂ። ማን ያዘሽ?»

ልትናገር አፏን ከፈተች። «ደጁ አልተዘጋም ብዬህ ነበር» አለች ቀስ ብላ፤ እንደ ሽሙጥ አልነበረም፤ ያኔም እንዳልነበረ ገና አሁን ገባኝ። ከዚያ በሙሉ ልቧ ሳይሆን እየዞረች እያየች ወደ ቀበሌ ሄደች። ይኸው ነው እንግዲህ፤ እኔ ስጠብቃት የኖርሁባት አግዳሚ ላይ እሷ ልትቀመጥ፣ እሷ ስትጠብቀኝ በኖረችበት ደጅ እኔ ልቆም።

መምሬ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ጥምጥማቸው እንደ ነጣ፣ በጎዳናው ጥግ ብቅ አሉ። አካሄዳቸው የሚቸኩል ሰው አካሄድ አይደለም። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሁሉ መስቀል ይሳለማሉ፤ አንዲት አሮጊት ስለ ጥጃዋ ሕመም ታወራቸዋለች። እኔ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ጥርሴን አፋጫለሁ። ደረሱ። ደፉን ተሻግረው ገቡና ዞረው አዩኝ።

«ፖሊስህ የት አለ?»

«ቀበሌ ነው። እኔ የመጣሁት እንዲፈቱኝ ነው።»

«ከምኑ?»

«ከመሐላዬ። ደጅዎን ላልረግጥ ከማልሁት።»

ይህን ብዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ከጎዳናው አቧራ ላይ ተንበርክኬ ለመስገድ ግንባሬን ዝቅ አደረግሁ። ይህችን ለማድረግ ከሐሙስ ጀምሮ ነው ከራሴ ጋር የተሟገትሁ።

«ተነሥ!» አሉ መምሬ ደንግጠው። «በሰንበት ይሰገዳል እንዴ? ይህንንም ረሳኸው?»

ተነሣሁ። ጉልበቴ አቧራ ለብሷል። አንድ ነገር እንኳ በቀኑ አይሳካልኝ!

«ቀኖናህን ነገ ትጀምራለህ» አሉ። «አርባ አርባ ስግደት። ሐይቁ ዳር በምትጎለትበት ሰዓት አድርገው፤ ከሥራህ አያስፈታህም።»

«እሺ።»

ያኔ ሞንታርቦው ተንኳኳ። የጓድ አለበል ድምፅ ነው።

«ጓድ አንዳርጋቸው! በርክክቡ ጉዳይ ይቅረቡ! አንድ!»

መምሬ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ይጠሩሃል።»

«መምሬ» አልሁ፣ «ግዝቱን ያንሡልኝ። አሁኑኑ ከአደይ ጋር እንሂድ። እጇን ይዤ ልውጣና አመሻሽ ላይ እዚሁ ደጅ ላስረክብዎ። ለፖሊሱ አልሰጣትም። ጽሑፉም ይላል፤ አመሻሽ ይመልስ ይላል።»

መስቀሉን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። አደይ መኖሯን ዞረው አረጋገጡ፤ ወደ ዋንዛው ተመልሳ ነበር። ድምፃቸው ሲወጣ የሚገዝቱበት ድምፅ አልነበረም።

«አምሐንም በወረቀት ነው የወሰዱት» አሉ። «ማኅተም ነበረው። ‹ለአንድ ጥያቄ ነው፣ መምሬ፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል› አሉኝ። እኔ ነኝ ‹ሂድ ልጄ፣ መንግሥት ነው› ብዬ በዚህ ደፍ ያሻገርሁት።»

«እኔ እኮ አባቷ ነኝ!»

«አውቃለሁ። አንተን አልፈራሁም። ግዝቱ በአንተ ላይ ቢሆን ደጁን እዘጋ ነበር።»

ልከራከር ነበር። ዳኛው ሌላ ነው፣ ዘመኑ ሌላ ነው፣ የእኔ ወረቀት የሕፃን ልጅ ጉዳይ ነው ልል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ግን እኔ ራሴ ስንት እሁድ ሙሉ እውነቴን ታቅፌ ተቀምጬ ምን አመጣሁ? ደግሞ ፖሊሱ ሊመጣ ይችላል፤ ተሸክሞ ሊያወጣት ይችላል፤ አመሻሽ ላይ ልመልሳት እችላለሁ። ይህ ሽማግሌ ግን እስከ አመሻሽ በዚህ ደፍ ላይ ቆሞ ምን እንደሚሆን ታየኝ። አደይም ፖሊሱ ትከሻ ላይ ሆና «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ያወጣኝ» እያለች። ፖሊሱ የሚመጣው እኔ ቀርቤ አስረክቡኝ ካልሁ ነው። ካልቀረብሁ የሚመጣበት ጉዳይ የለውም።

«ጓድ አንዳርጋቸው! ሁለት!»

«ይፍቱኝ» አልሁ።

መምሬ መስቀሉን ደፉን አሻግረው ግንባሬ ላይ አሳረፉት። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ገባሁ። የአባቴ አጥንት አልወጋኝም፤ የወጋኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ።

አልታረቅንም። መምሬ ጥላቸውን አጥፈው ወደ ቤት ገቡ፤ ተቀመጥም አላሉኝም። ንዴቴም አልበረደም፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ዳኛው ያን መዝገብ ይከፍታል፤ አባት ተጠርቶ አልቀረበም፣ መብቱን ትቷል ብሎ ይዘጋዋል፤ ጓድ አለበል «ምን ነካህ? አልቆልህ ነበር እኮ!» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ድልድዩም ሻይ በዳቦውም ቀረ። ልጄን የማያት ከእንግዲህ በሰው ግቢ፣ በሰው ፈቃድ፣ ሽማግሌው ፊታቸውን እያዞሩብኝ ነው።

ከዋንዛው ሥር ቁጭ አልሁ። አደይ ክንድ የምታህል የደንገል ታንኳ እየሠራች ነው፤ ግንዶቹን ደርድራለች፣ ማሰሪያው ግን እየተንሸራተተ አስቸግሯታል።

«ጓድ አንዳርጋቸው! ለመጨረሻ ጊዜ! ሦስት!»

ዘንባባው ላይ ሞንታርቦው አፏጨና ማርሹ ተጀመረ።

«የሚጠሩት ሰውዬ አይሰማም እንዴ?» አለችኝ።

«ይሰማል።»

«ታዲያ ለምን አይሄድም?»

«ሥራ ይዟል።»

አየት አደረገችኝ። ከዚያ የልጡን ሁለት ጫፍ ሰጠችኝ።

«በል ያዝልኝ። እኔ እስክቋጥረው እንዳትለቅ፤ አንተ ከለቀቅህ ሁሉም ይበተናል።»

ያዝሁ።